የሕዝብ ገንዘብ የት ገባ?



የክልሉ መንግሥት ያስጀመረው የባሕር ዳር ስታዲየም ከ10 ዓመት በላይ ተገንብቶም ሳይጠናቀቅ በ2014 ዓ.ም. በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ታገደ፤ ብሔራዊ ቡድናችንም ጋናን «በሜዳው» ያስተናገደው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ጣናን የወረረውን እምቦጭ ደግሞ የደንቢያ ገበሬ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ነቀለ።

ገንዘብ የለም እንዳይሉን ስታዲየሙ ምስክር ነው። የጠፋው ተጠያቂነት ነው። በጀት የሚያጸድቀውም፣ የሚያወጣውም፣ የሚቆጣጠረውም የአንድ ፓርቲ ሰው ሲሆን ጠያቂ ከየት ይመጣል?

እኛ ስንመረጥ የየፕሮጀክቱ ውል፣ ወጪና የኦዲት ግኝት በየቀበሌው ይለጠፋል፤ የተጀመረው ሳያልቅ አዲስ የመሠረት ድንጋይ አይቀመጥም።

ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ በድምፃችሁ ጠይቁ!