ዘረመሉ የማንም ካልሆነ ጥቅሙ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋ፣ ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ የአንድ ሰው አጽም ተቆፍሮ ወጣ። ሰውየው የተቀበረው ከዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ በፊት ነበር። የዋሻው ቅዝቃዜ ዲኤንኤውን ከመበስበስ ስለጠበቀው ተመራማሪዎች ከውስጥ ጆሮው አጥንት ሙሉ ጂኖሙን ለማንበብ ቻሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ታተመ፤ ከአፍሪካ ምድር የተገኘ የጥንት ሰው ጂኖም ሙሉ ለሙሉ ሲነበብ ያ የመጀመሪያው ነው። ባይራ የሚል ስም የወጣለት ይህ የጋሞ ሰው ዛሬ በኮምፒውተር ፋይል መልክ ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል።

የባይራ ጂኖም ለሁሉም ክፍት መሆኑ መልካም ነው። ከባድ የሚሆነው በዚያው ደጋ ዛሬ በሕይወት ስላሉት ሰዎች ስንጠይቅ ነው። ገረሴ ላይ ገብስና እንሰት ከሚያለማ ገበሬ ምራቅ የተገኘ ዘረመል ለመድኃኒት መነሻ ቢሆን ባለቤቱ ማን ነው? ያገኘው ሳይንቲስት? ገንዘቡን ያወጣው ኩባንያ? ገበሬው? ወይስ ማንም?

የእኔ አቋም ይህ ነው፤ የሰው ዘረመል ፓተንት ሊወጣበት አይገባም፤ ኢትዮጵያም ይህን ክልከላ በምንም ድርድር ልትለቀው አይገባም። ይሁን እንጂ ክልከላው ብቻውን ለገረሴው ገበሬ የሚያመጣለት ነገር የለም። ጥቅሙ የሚወሰነው ፓተንት ቢሮ በር ላይ ሳይሆን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ፣ ናሙናው ሲሰጥ በሚጻፈው ውል ላይ ነው። እኛ ደግሞ እስከ ዛሬ ስለዚያ ውል በቂ ሕግ አላወጣንም።

ፍርድ ቤቶቹ ምን አሉ?

ክርክሩ የጀመረው በባክቴሪያ ነው። አናንዳ ቻክራባርቲ የተባሉ ሳይንቲስት ድፍድፍ ነዳጅን የሚያፈራርስ ባክቴሪያ ሠርተው ፓተንት ጠየቁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1980 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው። ወሳኙ ነገር ፍጡሩ ሕያው መሆን አለመሆኑ ሳይሆን የሰው ሥራ መሆኑ ነው ተባለ። ጠበቆች ይህን ፍርድ ይዘው ወደ ሰው ዘረመል ዞሩ። አንድ ዘረመል ከሰውነት ተነጥሎ ሲወጣ በተፈጥሮ ለብቻው የማይገኝ ሞለኪውል ይሆናል፣ ስለዚህ ፈጠራ ነው ሲሉ ተከራከሩ። የአሜሪካ ፓተንት ቢሮም ተቀበላቸው።

የዚህ አስተሳሰብ ዋጋ የታየው በጡት ካንሰር ላይ ነው። ሜሪ ክሌር ኪንግ የተባሉት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1990 በዘር የሚወረሰው የጡት ካንሰር አንዱ መነሻ 17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ሚሪያድ ጄኔቲክስ የተባለው የዩታ ኩባንያ ከዚህ ካንሰር ጋር በተያያዙት ብራካ 1 እና ብራካ 2 በተባሉት ዘረመሎች ላይ ፓተንት ያዘ። የዘረመሎቹ ምርመራ ዋጋ ከ3,000 ዶላር በላይ ሆነ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ምርመራውን እንዳይሰጡ ስለተከለከሉ፣ የሚሪያድ ውጤት ያጠራጠራት ሴት ሌላ ቦታ ሄዳ የምታረጋግጥበት ዕድል አልነበራትም።

ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎችና ታማሚዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ክስ መሠረቱ። ሰኔ 13 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በጻፉት ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ፈረደ። በተፈጥሮ ያለ ዘረመል ተነጥሎ ስለወጣ ብቻ ፈጠራ አይሆንም። ሆኖም ፍርዱ አንድ ነገር ለይቶ ተወ፤ ፕሮቲን የማይሠሩት ክፍሎች ወጥተውለት በቤተ ሙከራ የሚዘጋጀው ሲዲኤንኤ የተባለው ቅጂ ፓተንት ሊያገኝ ይችላል አለ። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ኢቮን ዳርሲ የተባሉ ሴት ባቀረቡት ክስ ከዚያም አልፎ ሄደ። የዘረመል ዋናው ነገር የያዘው መረጃ ነው፣ መረጃውን ደግሞ ኩባንያው አልፈጠረውም በማለት ሲዲኤንኤውንም ጨምሮ ውድቅ አደረገው። አውሮፓ ሌላ መንገድ መርጣለች። የ1998ቱ መመሪያዋ የሰው አካል ፓተንት አይወጣበትም ካለ በኋላ፣ ተነጥሎ የወጣና የኢንዱስትሪ ጥቅሙ የተገለጸ ዘረመል ግን ፓተንት ሊያገኝ እንደሚችል ይደነግጋል።

የፓተንት ደጋፊዎች የሚያነሱት መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ምርምር ገንዘብ ይበላል፤ ያወጣውን የማይመልስ ባለሀብት ደግሞ ሁለተኛ አይሞክርም ይላሉ። እውነት አለው፤ ነገር ግን ሽልማቱ የሚገባው ለሠሩት ነገር ነው። ብራካን ሚሪያድ አልሠራውም፤ ወላጆች ለልጆቻቸው ሲያወርሱት የኖሩት ነው። ከ2013ቱ ፍርድ በኋላ ምርምሩ አልቆመም። ፍርዱ በተሰማበት ቀን ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ምርመራውን በርካሽ እንደሚሰጡ አስታወቁ። የተጎዳው የብቻ ገበያ ነው፤ ታማሚዎች ግን አማራጭ አገኙ።

የእኛ ሕግ የት ቆሟል?

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ላይ የተመሰገነ ታሪክ አላት። ስለ ፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪ ንድፍ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ግኝትን፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያን፣ የሰውን አካል ማከሚያና በአካል ላይ የሚደረግ የምርመራ ዘዴን ከፓተንት ውጪ አድርጓል። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በዓለም አቀፍ መድረኮች አፍሪካን ወክለው ሕይወት ባለው ነገር ላይ ፓተንት እንዳይኖር ለዓመታት ተከራክረዋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያጸደቀው ሞዴል ሕግም ያንኑ አቋም ይዟል።

ይህ አቋም ግን ፈተና ይጠብቀዋል። አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ካመለከተች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በድርድር ላይ ነች። የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት አገሮች ዕፅዋትንና እንስሳትን ከፓተንት እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ ስለ ሰው ዘረመል ግን በስም አይናገርም። አዲስ ገቢ አገሮች ከስምምነቱ በላይ ግዴታ እንዲገቡ መጠየቃቸው ደግሞ የተለመደ ነው። አዋጃችንም «ግኝት» ከማለት አልፎ «ተነጥሎ ቢወጣም ባይወጣም የሰው ዘረመል» ብሎ በግልጽ አልጻፈም። ሚሪያድ ለዓመታት የኖረው በዚህች ክፍተት ውስጥ መሆኑን መርሳት የለብንም።

ክልከላው የማይደርስበት ቦታ

እንበልና ይህ ሁሉ ተስተካከለ። ያኔም ክልከላው የማይደርስበት ቦታ እንዳለ ለማየት ፒሲኤስኬ9 የተባለውን ዘረመል ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የወጡ የአሜሪካ ጥናቶች የዚህ ዘረመል አንዱ ቅጂ በአንዳንድ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ እንደማይሠራ፣ እነዚህ ሰዎችም የኮሌስትሮል መጠናቸው ዝቅተኛ እንደሆነና በልብ ሕመም የሚጠቁት እጅግ ጥቂቶቹ ብቻ እንደሆኑ አሳዩ። ኩባንያዎች ያ ዘረመል የሚያስገኘውን ፕሮቲን ከሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ገበያ ሲወጣ ዋጋው በዓመት ከ14,000 ዶላር በላይ ነበር። ዘረመሉ የማንም ባይሆን እንኳ መድኃኒቱ ባለቤት ነበረው። ምስጢሩን በደማቸው የያዙት ሰዎች ከዚያ ገንዘብ ድርሻ የሚያገኙበት ውል አልነበረም።

የእኛ ሕዝብ ዘረመልም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት 29 በመቶ የሚሆኑት የተጠኑ ኢትዮጵያውያን አንዳንድ መድኃኒቶችን ከተለመደው በላይ በፍጥነት የሚፈጭ የጉበት ኢንዛይም እንዳላቸው አሳይቷል። ኢንዛይሙን የሚሠራው ዘረመል በሰዎቹ ውስጥ ተደጋግሞ ይገኛል። ኮዴን የተባለው የሕመም ማስታገሻ እንደነዚህ ባሉ ሰዎች አካል ውስጥ ቶሎ ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ፣ ይህን ማወቅ ለሐኪም የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ለጋሞ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ደቃቅ ቅንጣቶቹ በቆዳ ውስጥ አልፈው የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ። አንድ መሬት ከሚያርሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሲያብጥ ሌላው የሚድንበት ምክንያት በከፊል በዘር የሚወረስ ነው። በጎረቤት ወላይታ የተደረገ ጥናት የውርሱን ድርሻ 63 በመቶ ገምቶታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ከ194 ሕሙማንና ከ203 ጤነኞች በወሰዱት ናሙና ኤችኤልኤ ከተባሉት የበሽታ መከላከያ ዘረመሎች ጋር ያለውን ዝምድና አሳዩ። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ስለ ፈቃድ አጠያየቁ ሕዝቡ ተመክሮበታል፤ «በዘር ነው» የሚለው ቃል በሽታው ያለበትን ቤተሰብ ልጅ ከጋብቻ ሊያስቀር ስለሚችል ነበር።

ነገ ተመሳሳይ ጥናት ወደ ገረሴ ቢመጣ ምን ይሆናል? ገበሬው ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የፈቃድ ወረቀት በጋሞኛ ይነበብለታል። አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ሁለት ሚሊ ሊትር ምራቅ በፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ይተፋል፤ በብልቃጡ ላይ በስሙ ፈንታ ቁጥር ይለጠፋል። ብልቃጡ ወደ አርባ ምንጭ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። እዚያ ዲኤንኤው ይነበብና ፋይል ይሆናል፤ ፋይሉ ከሺህ ሌሎች ፋይሎች ጋር ይተነተናል። በእያንዳንዱ እርምጃ የናሙናው ዋጋ ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ሰጪው ይርቃል። ከዓመታት በኋላ ፓተንት ቢሮ የሚቀርበው መድኃኒት ገረሴን የሚጠቅስበት አንድም ምክንያት አይኖረውም።

ስለዚህ ርቀት ሕጋችን ምን ይላል? የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ሕዝብ ከሀብቱ ጥቅም እንዲጋራ ደንግጓል። አዋጁ ግን የዓለም አቀፉ የብዝሀ ሕይወት ስምምነት ልጅ ነው፤ የስምምነቱ አባል አገሮች ደግሞ የሰው ዘረመል በዚያ ማዕቀፍ እንደማይካተት እ.ኤ.አ. በ1995 ወስነዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ጄኔቭ ላይ የተፈረመው አዲስ ውል ፓተንት ጠያቂ የዘረመል ሀብቱን ምንጭ እንዲገልጽ ያስገድዳል፤ እሱም የሰውን አያካትትም። ናሙና ወደ ውጭ ሲላክ የዝውውር ስምምነት እንዲፈረም የሚጠይቀው የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያችን ነው። መመሪያ ግን የአዋጅ ጉልበት የለውም። ለጤፍ ዘር የተሰጠው ጥበቃ ዘሩን ለሚዘራው ሰው አካል አልተሰጠም።

ከጤፍ የተማርነው

ውል መጻፍ ብቻውን እንደማይበቃ ጤፍ አስተምሮናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የግብርና ምርምር ድርጅት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ያደረጉት ስምምነት በዓለም ዙሪያ እንደ አርአያ ተወድሶ ነበር። ኩባንያው ግን ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት ጠይቆ ነበር፤ የአውሮፓ ፓተንትም እ.ኤ.አ. በ2007 ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኪሳራ ሲያውጅ ፓተንቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ተሻገረ፤ ኢትዮጵያ የተዋዋለችው ወገን በሕግ ፊት ጠፋ። ከስምምነቱ በገንዘብ ያገኘነው 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድስ የነበረውን ፓተንት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ሲሽረው እንኳ፣ በችሎቱ የተፋለሙት ሁለት የውጭ ኩባንያዎች ነበሩ። እኛ በገዛ ጤፋችን ክርክር ላይ ተመልካች ነበርን።

በሰው ዘረመልም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ ብሔራዊ ጤና ተቋማት ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የሐጋሐይ ማኅበረሰብ አባል ደም በተገኘ የሕዋስ ዘር ላይ ፓተንት ያዙ። በተነሣው ተቃውሞ በቀጣዩ ዓመት ተዉት። ያ የተቋጨው በጩኸት ነው፤ ጩኸት ደግሞ ሁልጊዜ አይሰማም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አዋጅ ቁጥር 123 ሲሻሻል ተነጥሎ ቢወጣም ባይወጣም የሰው ዘረመልና የያዘው መረጃ ፓተንት እንደማይወጣበት በግልጽ ይጻፍ። የንግድ ድርጅቱ ድርድር ከመቋጨቱ በፊት መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ስለ ሰው ናሙናና የዘረመል መረጃ ራሱን የቻለ አዋጅ ይውጣ። አዋጁ ውሉ ለመድኃኒትም ለምርመራም እንዲደርስ፣ ኩባንያው ቢከስር ወይም መብቱን ቢሸጥ ግዴታው ገዢውን እንዲከተል ያድርግ፤ የጤፍ ውል የጎደለው ይህ ነው። ጥቅሙም በጥሬ ገንዘብ ብቻ አይታሰር። ከጋሞ ናሙና የመጣ መድኃኒት በኢትዮጵያ በሕዝቡ አቅም ይሸጥ፤ ናሙናው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን በመሰሉ የአገር ውስጥ ተቋማትም ይቀመጥ፤ ተመራማሪዎቻችን በሚገኘው መብት ባለድርሻ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ውሉን የሚከታተል፣ በውጭ ፍርድ ቤት የሚከራከር፣ ባለሙያና በጀት ያለው አካል ይቋቋም።

ፈቃዱንስ ማን ይስጥ? ዘረመል የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ስለ ወንድሙም ስለ ልጁም ይናገራል። ጋሞ የጋራ ጉዳዩን የሚመክርበት ዱቡሻ አለው፤ ተመራማሪ መጀመሪያ እዚያ ቀርቦ ዓላማውን ያስረዳ። ይህን ስል የዱቡሻን ጉድለት ሳልረሳ ነው። ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች፣ ሴቶችም፣ በዚያ ሸንጎ ለረጅም ዘመን እኩል ድምፅ አልነበራቸውም። የሽማግሌዎች ፈቃድ የግለሰቡን ፈቃድ የሚተካ ከሆነ፣ ከተገፉት ሰዎች ናሙና በሌላ ሰው አንደበት ይወሰዳል። ሁለቱም ፈቃዶች ያስፈልጋሉ፤ አንደኛው ካልተገኘ ናሙና አይወሰድ።

ጥብቅ ሕግ ተመራማሪን ያሸሻል የሚሉ አሉ። የደቡብ አፍሪካ ሳን ሕዝቦች በናሚቢያ የሚኖሩ የሳን ሽማግሌዎች ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2010 ከታተመ በኋላ ስላልተማከሩበት ቅር ተሰኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ደንቡ ተመራማሪን አላባረረም፤ በምን አኳኋን መምጣት እንዳለበት ነገረው። ተመራማሪን የሚያሸሸው ግልጽ ሕግ ሳይሆን ፈቃድ ሰጪው ማን እንደሆነ የማይታወቅበት መጉላላት ነው።

የአሜሪካና የአውስትራሊያ ፍርድ ቤቶች ዘረመል የማንም አይደለም ብለው ትልቁን ሥራ ሠርተውልናል። የማንም ያልሆነ ነገር ግን ቀድሞ የደረሰ የሚጠቀምበት ነገር ነው። ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ ቤተ ሙከራና ጠበቃ ያለው እንጂ ምራቁን የሰጠው አይደለም። ሚዛኑን ሊያስተካክል የሚችለው የራሳችን ምክር ቤት ነው፤ ያም ሳይቃጠል በቅጠል መሆን አለበት፣ ብልቃጡ ከገረሴ ከወጣ በኋላ የሚጻፍ ሕግ ለሚቀጥለው ናሙና እንጂ ለሄደው አይሠራምና።