የሚኖሩበት ቤትና የሚያከራዩት ቤት

በዚህ ወር ልንነጋገርበት የወደድነው ጉዳይ ብዙ ቤተ ሰቦችን የሚያሳስብ ነው፤ ይኸውም በአዲስ አበባ ከተማ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው ገንዘቡን በመኖሪያ ቤት ላይ ቢያውለው ምን ያገኛል፥ ምንስ ያሠጋዋል የሚለው ጥያቄ ነው። ጉዳዩንም ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ጊዜ በፊት በዕድሜ የገፉ አንድ ባልና ሚስት ምክር ሽተው ወደ እኛ መጥተው ነበር። ነገራቸው የሁለቱ ብቻ ሳይሆን የብዙዎች መሆኑን ስለ ተረዳን፥ ስማቸውን ሳንጠራ ልናካፍላችሁ ፈቀድን።

ባልየው ብዙ ዘመን በመምህርነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ በነባር ይዞታ ላይ የተሠራ፥ ግቢው ሰፋ ያለ ቤት አላቸው፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉትም በዚያው ነው። አሁን ልጆቹ ወጥተዋል፤ የጡረታው ገንዘብም ለገበያው አልበቃ ብሏል። ከእቁብ የደረሳቸውና ልጃቸው ከውጭ አገር የላከችላቸው ጥቂት ገንዘብ በባንክ ተቀምጧል። አንድ ደላላ መጥቶ፥ «ይህን ቤት ሽጡት፤ በገንዘቡ ገና ከሚሠራ ሕንፃ ላይ ሁለት አፓርትመንት ግዙ፤ በአንዱ ትኖራላችሁ፥ ሌላውን አከራይታችሁ ትተዳደራላችሁ» ባላቸው ጊዜ ሐሳቡ ለባልየው መልካም ሆኖ ታያቸው። ደላላው ደግሞ ዋጋው በሳምንቱ መጨረሻ ይጨምራልና ቀብዱን ቶሎ ክፈሉ ብሏቸዋል። ባለቤታቸው ግን ብዙ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «እኔ በወረቀት ላይ ላለ ቤት ብዬ የቆመውን ቤት አልሸጥም» አሉ። በዚህም ምክንያት በመካከላቸው ቅሬታ ገብቶ ነበር።

እኛም ወዲያው ለአንዳቸው ፈርደን ሌላቸውን ለማሳፈር አልወደድንም። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ አስቀድመን በከተማችን ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ምን እንደሆነ አብረን መረመርን።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆነ። በዚያን ጊዜ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ሲተውለት፥ ለኪራይ ብሎ የሠራው ሌላው ቤት ሁሉ ተወሰደበት። ዘመኑ ተለውጦ ሰዎች ዳግመኛ ቤት ሠርተው ማከራየት ቢችሉም፥ መሬቱ ግን ወደ ግለሰብ አልተመለሰም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው ሕንፃውንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ የሚሰጠውን የሊዝ ዘመን 99 ዓመት አደረገው፤ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤትም ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፥ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ወሰነ። እንግዲህ በውርስ ለልጅ ማስተላለፍና ለባዕድ መሸጥ አንድ አለመሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል።

ይህን ማወቅ ለሕግ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳና በሌሎችም ሠፈሮች ብዙ ቤቶች መፍረሳቸውን ሁላችን አይተናል። ቦታ ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ስለሚሰጠው ካሣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ካሣው በቦታው ላይ ለሰፈረው ንብረት እንዲከፈል፥ ለተነሺውም ምትክ እንዲሰጠው ደንግጓል፤ የመሬቱ ዋጋ ተብሎ የሚከፈል ግን የለም። ቤቱ ለመንገድ ቅርብ ስለሆነ ብቻ አብዝቶ የከፈለ ሰው፥ ያ አብዝቶ የከፈለው ገንዘብ በካሣው ውስጥ ላይመለስለት ይችላል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት ወደ ክፍለ ከተማው ሄዶ ሠፈሩ በከተማው ፕላን ለምን እንደተመደበ መጠየቅ ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው።

ቤት ለባለቤቱ የሚጠቅመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በየወሩ የሚገኘው ኪራይ ሲሆን፥ ሁለተኛው ከዓመት ወደ ዓመት የሚጨምረው ዋጋው ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። የዋጋ ጭማሪ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ የማይበላ ትርፍ ነው፤ ለወር አስቤዛ የሚሆነው ኪራዩ ብቻ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ከውጭ ገንዘብ ጋር የሚመነዘርበት ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ አስቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ ብርን በእጅ ከመያዝ ቤትን መያዝ እንደሚሻል አንክድም። ነገር ግን ዋጋው በወረቀት የጨመረለት ሰው ሁሉ ለምሳው የሚሆን ገንዘብ አለው ማለት አይደለም።

ይህንንም በቁጥር ተመለከትነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ አፓርትመንት ዋጋ 6,000,000 ብር፥ የወር ኪራዩም 30,000 ብር ነው እንበል። የዓመቱ ኪራይ 360,000 ብር ይሆናል። ነገር ግን ቤቱ በተከራይና በተከራይ መካከል አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ 30,000 ብር ይጎድላል። ለእድሳትና ለሕንፃው የጋራ ወጪ 30,000 ብር፥ ለኪራይ ገቢ ግብር ደግሞ 40,000 ብር ቢወጣ የሚተርፈው 260,000 ብር ነው፤ ይህም ከመቶ ብር አራት ብር ከጥቂት ሳንቲም መሆኑ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 7 ማድረጉን ስናስብ፥ ኪራዩ ብቻውን ያን ያህል እንኳ አለመሆኑን እናያለን። እንዲህ ያለውን ቤት የሚገዛ ሰው ቢያውቀውም ባያውቀውም ተስፋው በዋጋው ጭማሪ ላይ ነው። ለብዙ ዓመት መጠበቅ የሚችል ጎልማሳ ይህን ቢያደርግ አንነቅፈውም፤ በየወሩ ቀለብ ለሚሹ ጡረተኞች ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዶቹን አንድ በአንድ አየን። የመጀመሪያው ገና ያልተሠራን ቤት አስቀድሞ ከፍሎ መግዛት ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ካለቀው ቤት ይቀንሳል፤ ክፍያውም ተከፋፍሎ ስለሚፈጸም ደመወዝ ላለው ሰው ይመቻል። ሆኖም የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በወጣ ቍጥር ሥራው ይዘገያል፤ ቤት እንረከባለን ብለው ለብዙ ዓመት ኪራይ እየከፈሉ የጠበቁ ቤተ ሰቦችን እናውቃለን። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው የቦታውን ካርታና የግንባታ ፈቃዱን በዓይኑ ይይ። ሻጩ ቀደም ሲል ወደ ሠራው ሕንፃ ሄዶ ነዋሪዎቹን፥ «በቀጠሮው ተረከባችሁ? ውሃው ይወጣል? ካርታችሁን አገኛችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። የመረከቢያው ቀንና ቢዘገይ የሚከፈለው መቀጫ በውሉ ይጻፍ፤ ገንዘቡም በባንክ በኩል፥ ሥራው በደረሰበት መጠን ይከፈል። ከሁሉም ይልቅ የሚኖርበትን ቤት ሸጦ ወደዚህ መግባት እንደማይገባው እንመክራለን።

ሁለተኛው ያለቀ ኮንዶሚኒየም መግዛት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ መንግሥት ያሠራቸው እነዚህ ቤቶች በጀሞ፥ በሰሚት፥ በየካ አባዶ፥ በቱሉ ዲምቱና በሌሎችም ቦታዎች ይገኛሉ። ጥቅሙ ገዢው የሚገዛውን አይቶ መግዛቱና ተከራይም ወዲያው ማግኘት መቻሉ ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ቤት ያላለቀ የባንክ ዕዳ አለበት፤ አንዳንዱም ለመሸጥ የተፈቀደበት ጊዜ ገና አልደረሰ ይሆናል። ስለዚህ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ሳያረጋግጡ፥ ውሉንም በውልና ማስረጃ ፊት ሳያደርጉ፥ በመንደር ምስክር ብቻ ገንዘብ መስጠት ጥፋት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ማዘዙ ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው በገዛ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ማከራየት ነው። ይህ ሥራ ስም የለውም፤ ደላላም አያመሰግነውም። ነገር ግን ለቦታው አዲስ ዋጋ ስለማይከፈልበት ሒሳቡ የተለየ ነው። ሦስት ክፍል በ900,000 ብር ቢሠራና እያንዳንዱ በወር 6,000 ብር ቢከራይ፥ በዓመት 216,000 ብር ይገኛል። ከዚህ ላይ ባዶ ለሚቀመጥበት አንድ ወር 18,000፥ ለእድሳት 18,000፥ ለግብርም 20,000 ብር ቢቀነስ 160,000 ብር ይተርፋል፤ ይህም ከመቶ ከ17 ብር በላይ ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ሰጠናቸው እንጂ አንባቢ እንደ ሠፈሩ ዋጋ ሊለውጣቸው ይገባዋል። የዚህም መንገድ ችግር አለው። ያለ ግንባታ ፈቃድ የተሠራ ሊፈርስ ይችላል፤ ውሃና መጸዳጃን ከተከራይ ጋር መጋራት ያስቸግራል፤ የግቢው ጸጥታም እንደ ቀድሞው አይሆንም። የቤቱ እመቤት ይህን አስቀድመው ሊያውቁና ሊቀበሉት ያስፈልጋል።

በየትኛውም መንገድ የሚሄድ ሰው በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ማወቅ ይገባዋል። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ አከራዩ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ፥ ጭማሪም ተቆጣጣሪው ክፍል በሚወስነው መጠን እንዲሆን አዝዟል። ከባንክ ተበድሮ፥ «ኪራዩን በየስድስት ወሩ እየጨመርሁ ዕዳዬን እከፍላለሁ» ብሎ የሚያስብ ሰው ሒሳቡን ዳግመኛ ይሥራ። ከአንባብያናችንም ብዙዎቹ ተከራዮች መሆናቸውን አንረሳም። ልጆቹን በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ሊያስተምር መቻሉ ለተከራይ ትልቅ ነገር ነው። ለአከራይም በቀጠሮው የሚከፍል ተከራይ ይዞ መቆየት ባዶ ቤት ከማየት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ባልየው፥ «እንግዲያው እኔ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛም ገንዘቡ ሥራ እንዲሠራ ማሰባቸው ስሕተት አለመሆኑን፥ ስሕተቱ የሚኖሩበትን ቤት ከሚነገድበት ገንዘብ ጋር መቁጠሩ መሆኑን ነገርናቸው። የሚነገድበት ገንዘብ ቢጠፋ ሰው ያዝናል፤ የሚኖርበት ቤት ቢጠፋ ግን በስተርጅና ተከራይ ይሆናል። ስለዚህ ቤተ ሰብ ሀብቱን በሦስት ከፍሎ ይያዘው፦ የሚኖርበት ቤት የማይነካ ይሁን፤ ለሥራ የሚያወጣው ገንዘብ ቢዘገይበት የማይርበው ይሁን፤ ቢያንስ የስድስት ወር ቀለብ የሚሆን ደግሞ በባንክ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመርንላቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የባልና የሚስት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ የሁለቱ ስምምነት እንዲያስፈልግ ደንግጓል። ይህ ድንጋጌ ሥራ የሚያሰናክል መስሎ የሚታያቸው አሉ። እኛ ግን የእመቤቲቱ ዝምታና ያቺ አንድ ቃላቸው ቤታቸውን እንዳዳኑት እንቈጥራለን። ሚስት ወይም ባል በማያውቀው ውል የተገኘ ትርፍ ከኪሣራ ይቈጠራል።

ባልና ሚስቱ ቀብዱን ሳይከፍሉ ተመለሱ። በኋላም በግቢያቸው ሦስት ክፍል ለመሥራት ስለ ፈቃዱ ወደ ክፍለ ከተማው ሄደው መጠየቃቸውን ሰምተናል። ሁለቱንም ቤት በአንድ ቀን የማግኘት ተስፋቸው ስለ ቀረ ባልየው ጥቂት ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ያ ደላላ ግን፥ ሳምንቱ ካለፈ በኋላ፥ ይጨምራል ያለውን ያንኑ ዋጋ ይዞ ዳግመኛ ደውሎላቸዋል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰው ቤት ሲሆን ግን መልቀሙ ቀላል አይደለም። እናንተም፥ ውድ አንባብያን፥ ይህን የመሰለ ነገር ሲያጋጥማችሁ አስቀድማችሁ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ከባለቤታችሁ ጋር በገበታ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ከደላላው ጋር የምትነጋገሩት ከዚያ በኋላ ይሁን። ቸር ይግጠመን።