የመውለድ ጉዳይ ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት ይነሣ

አንድ ወጣት ካንሰር እንዳለበት ሲታወቅ ሐኪሙም ቤተሰቡም የሚስማሙበት አንድ ሐሳብ አለ፦ መጀመሪያ ነፍስ ትትረፍ፣ የልጅ ነገር ከዚያ በኋላ ይታሰብበታል። ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ ማንም ደፍሮ አይከራከረውም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ስሕተት ነው። የመውለድን አቅም ለመጠበቅ የተሻለው ጊዜ፣ ለብዙዎችም ብቸኛው ጊዜ፣ ሕመሙ ከታወቀበት አንሥቶ የመጀመሪያው ኬሞ እስከሚሰጥበት ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው። እነዚህ ቀናት በዝምታ ካለፉ «በኋላ» የተባለው ጊዜ ሲደርስ የሚታሰብበት ነገር ላይቀር ይችላል። ዝም ያለ ሐኪም ጉዳዩን ያቆየው ይመስለዋል፤ በተግባር ግን ታማሚው ሳያውቅ በእሱ ስም ወስኖለታል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሴት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጠቀምበትን እንቁላል ይዛ ትወለዳለች፤ ያለቀው አይተካም። ለጡት ካንሰርና ለሊምፎማ በብዛት የሚታዘዘው ሳይክሎፎስፋማይድ ይህን ክምችት ያመናምናል። በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት የወር አበባዋ ሊመለስላት ይችላል፤ ወደ አርባ የተጠጋችው ግን ዕድሏ ያነሰ ነው። የተመለሰላትም ብትሆን የቀራት ጥቂት ስለሆነ ማረጥ ቀድሞ ይመጣባታል። በወንዱ በኩል ያው መድኃኒት ዘር የሚያመርቱትን ሕዋሳት ያጠፋል። ከወገብ በታች የሚሰጥ ጨረር ደግሞ እንቁላሉንም ማህፀኑንም ይጎዳል። ይህ ሁሉ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ነው። ሆኖም ኬሞ ሊጀመር ሲል ለታማሚው በዝርዝር የሚነገረው ስለ ፀጉር መርገፍ፣ ስለ ማቅለሽለሽና ስለ ደም ማነስ ነው። ተመልሶ የሚበቅለው ፀጉር ማብራሪያ ይሰጥበታል፤ ላይመለስ የሚችለው የመውለድ አቅም ይዘለላል።

የመጀመሪያው መቃወሚያ የጊዜ ነው፦ ካንሰር አይጠብቅም ይባላል። ወንድ ዘሩን ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው አንድ ቀን ነው። ሴት እንቁላሏን አሳድጎ ለማውጣትና ለማቀዝቀዝ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ የወር አበባዋን ቀን መጠበቅም አያስፈልግም። በጡት ካንሰር ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቁስሉ እስኪሽርና የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ። ሁለቱ ሳምንት የሚገኘው ከዚያው መሐል ነው፤ በቅድሚያ ላልተነገራት ሴት ግን ባክኖ ያልፋል። እርግጥ ነው፣ እንደ አጣዳፊ የደም ካንሰር ያሉ ቀናት እንኳ የማይሰጡ ሕመሞች አሉ። በእነዚያ ጊዜ የሚገባው እውነቱን ተናግሮ ወደ ሕክምናው መግባት ነው። የጥቂቶቹ አጣዳፊነት ጊዜ የነበራቸው ብዙዎች እንዳይነገራቸው ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው መቃወሚያ የድህነት ነው፦ የካንሰር መድኃኒት ራሱ በማይገኝበት አገር ስለ እንቁላል ማቀዝቀዝ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል። ሕክምናው ውድ መሆኑ አይካድም። አዲስ አበባ በሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ከመላ አገሪቱ የሚመጣውን ፈላጊ ይችላል ማለትም አይቻልም። ግን አማራጩ እሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ በታተመ አንድ ጥናት፣ በሆርሞን የማይመራ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ከኬሞው ጎን ለጎን በየወሩ ጎሰረሊን የተባለ መርፌ ሲወጉ፣ የእንቁላል ማፍሪያቸው ሥራ ያቆመባቸው 8 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ መርፌውን ካልወሰዱት ውስጥ ግን 22 ከመቶ ነበሩ። ከጨረር በፊት የእንቁላል ማፍሪያውን በቀዶ ሕክምና ከጨረሩ መንገድ ማራቅ፣ የወንድን የዘር ፍሬ መከለልም ይቻላል። ከሁሉ በላይ መንገር ራሱ ገንዘብ አይጠይቅም። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ባወጣቸው መመሪያዎች በመውለጃ ዕድሜ ላሉ ታማሚዎች ጉዳዩ ከሕክምና በፊት እንዲነሣ ያሳስባል። ለሕክምና ዘመድ አዝማድ የሚያዋጣባት አገር ውስጥ የትኛው ቤተሰብ ምን እንደሚችል ሐኪሙ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ሊገምት አይገባውም።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው፦ እርግዝና ካንሰሩን ይቀሰቅሰዋል የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው «ፖዚቲቭ» የተሰኘ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በሆርሞን የሚመራ የጡት ካንሰር ታክመው ለማርገዝ ሲሉ የሆርሞን መድኃኒታቸውን እስከ ሁለት ዓመት ያቋረጡ ከ500 በላይ ሴቶችን ተከታትሏል። በሦስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የተመለሰባቸው 8.9 ከመቶ ሲሆኑ፣ መድኃኒቱን ካላቋረጡት የንጽጽር ቡድን ውስጥ ደግሞ 9.2 ከመቶ ነበሩ። በእርግዝና ክትትል ከተደረገላቸው ውስጥ ከ60 ከመቶ በላይ የሚሆኑት በሕይወት ያለ ልጅ ወልደዋል። ይህ ካንሰር ዓመታት ቆይቶም ሊያገረሽ ስለሚችል ክትትሉ መቀጠል አለበት፤ «መውለድ ክልክል ነው» የሚለው ጥቅል ፍርድ ግን ማስረጃ አይደግፈውም። የዝምታው ጉዳት በሌላው አቅጣጫም ይመጣል። የወር አበባዋ የቀረ ሴት «ከእንግዲህ አላረግዝም» ብላ የወሊድ መከላከያ ትተዋለች፤ የወር አበባ መቅረት ግን መካንነትን አያረጋግጥም። ታሞክሲፌን የተባለውን የሆርሞን መድኃኒት እየወሰደች ብታረግዝ መድኃኒቱ ፅንሱን ሊጎዳው ይችላል። ስለ መውለድ ሳይነገራት የቀረች ሴት ስላለመውለድም አልተነገራትም።

የመጨረሻው መቃወሚያ የባህል ነው፦ ያላገባችን ልጅ፣ ያውም በሞት ጥላ ሥር ሆና፣ ስለ መውለድ መጠየቅ ነውር ነው ይባላል። ባህሉን የሚያውቅ ግን ተቃራኒውን ይደመድማል። ልጅ ያልወለደች ሚስት የምትወቀስበት፣ ትዳር በልጅ የሚጸናበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ጉዳይ ከሌላው ዓለም ይልቅ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ገበሬ በክፉ ቀን እንኳ የዘር እህሉን ለይቶ የሚያስቀምጠው ረኃቡን ንቆ አይደለም፤ እንደሚያልፍ ስለሚያምን ነው። ታማሚውን ስለ ነገ መጠየቅም ነገ አለህ ብሎ መመስከር ነው። ጉዳዩን አለማንሣት ስጋቱን አያጠፋውም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከተጠየቁ 657 ወጣት የጡት ካንሰር ታማሚዎች 29 ከመቶ የሚሆኑት የመውለድ ሐሳብ በሕክምና ውሳኔያቸው ላይ ተጽዕኖ እንዳደረገ ተናግረዋል። ያልተነገራቸው ሴቶች ያንኑ ስጋት ብቻቸውን ይዘው ይወስናሉ።

የሚፈለገው ለውጥ ትልቅ በጀት አይጠይቅም። በመውለጃ ዕድሜ ላለ ታማሚ የኬሞ ትእዛዝ ሲጻፍ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ስለ መውለድ ተነግሮታል ወይ? ሪፈር ይፈልጋል ወይ? አጣዳፊ ካልሆነ በቀር ይህ ሳይሞላ የመጀመሪያው መድኃኒት አይሰቀል። በካንሰር ክፍሉና በመካንነት ሕክምና ማዕከሉ መካከል ታማሚውን ወረፋ ሳያስይዝ በዚያው ሳምንት የሚያደርስ መንገድ ይኑር። አገር ቤት ያለ ነርስ ይህን ለመናገር የሚበቃ ሥልጠና ይሰጠው። ተነግሯት «አሁን ልጅ አላስብም» ያለች ሴት መብቷ ነው፤ ገንዘብ አጥታ የተወችውም ቢያንስ የቀረባት ምን እንደሆነ አውቃ ትተዋለች። ሳትጠየቅ የተወሰነባት ግን ከካንሰሩ ብትድን እንኳ ሕክምናው የወሰደባትን የምታውቀው ዘግይታ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ተጠያቂው በሽታው አይሆንም።