ቡፌ ውስጥ የማይቆለፍ ብር

ትልቋ ልጄ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ሰርጓ በመጪው መስከረም ነው። በቀደም የሁለት ሹካዎች ፎቶ ላከችልኝና «እማዬ፣ አንዱን ምረጪልኝ» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ የእጮኛዋ አያት አሜሪካዊት ናቸውና «የብር ዕቃሽን ንድፍ መረጥሽ ወይ?» ብለው ጠይቀዋታል።

በእነሱ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ሙሽራዋ ከሰርጓ በፊት አንድ የሹካ፣ የማንኪያና የቢላዋ ንድፍ ትመርጣለች። ዘመድ ወዳጅ ከዚያው ንድፍ እንደየአቅሙ አንዱ ሹካ፣ አንዱ ማንኪያ ይሰጣታል። የጎደለው ደግሞ በየበዓሉ ይሟላል። እንደ ድሮው ባይሆንም ዛሬም አልቀረም።

እኔ ዓይኔ ያረፈው በአበባና በሐረግ ባጌጠው ላይ ነበር። ግራንድ ባሮክ ይባላል፤ ዋላስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1941 ያወጣው ነው። «ይሄ ይሻላል፣ እንግዳ ሲያየው ይደነቃል» አልኳት። ልጄ ሳቀችና «እማዬ፣ የአያቴ ቡፌ ትዝ አለኝ» አለች። ዝም አልኩ።

እናቴ ጥሩ ጥሩውን ዕቃ ለትልቅ እንግዳ ብላ ቡፌ ውስጥ ትቆልፍ ነበር። እኛ ልጆቿ በዚያ ማንኪያ በልተን አናውቅም። እሷ ስታርፍ ለቀስተኛው የበላው በእድሩ ሳህን ነው። የቡፌውን ቁልፍ ያገኘነው ከአርባዋ በኋላ ነበር። ዕቃው ለእኔ ደረሰኝ፤ እኔም ወስጄ ቆለፍኩበት።

ከዚያ ስልክ በኋላ እኔና ልጄ ነገሩን ተረጋግተን አየነው። ለልጁ ወይም ለልጅ ልጁ እንዲህ ያለ ስጦታ ያሰበ ወላጅ ካለ የተማርነው ይጠቅመው ይሆናል።

መጀመሪያ ማኅተሙ ይታይ። ስተርሊንግ የሚባለው ከ1000 እጅ 925ቱ ብር የሆነ ነው። ንጹሕ ብር ብቻውን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይጎብጣል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ይጨመርበታል። እጀታው ጀርባ ላይ «ስተርሊንግ» ወይም 925 የሚል ምልክት ከሌለ ብር የተቀባ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለማነጻጸር ያህል፣ አያቶቻችን አንጥረኛ ዘንድ ወስደው መስቀልና አልቦ ያሠሩበት ማርትሬዛ ከ1000 እጅ 833 ያህሉ ብር ነበር።

ሁለተኛ፣ አንድ ማንኪያ ቢጠፋ መተካት የሚቻልበት ንድፍ ይመረጥ። ሁለተኛው ፎቶ ሻንቲሊ የሚባለው ነበር። ጎርሃም እ.ኤ.አ. በ1895 ያወጣው ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ጌጥ አለው እንጂ ብዙም አልተጨናነቀም። ለረጅም ዘመን በብዛት ስለተሸጠ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ አንድ ፍሬም ለብቻው ይገኛል። ነገር ግን አንዱ ንድፍ በተለያየ መጠን ስለሚሠራ፣ ከመግዛት በፊት ርዝመቱን መለካት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ በፎቶ ብቻ አይመረጥም። ልጄ ሱቅ ሄዳ ሁለቱንም በእጇ ያዘቻቸው። ግራንድ ባሮክ ለእጇ ከበዳት። ሌላ ሰው ደግሞ ያንን ክብደት ይወደው ይሆናል።

አራተኛ፣ አያያዙ ይታሰብበት። ብር ጨው ሲቆይበት ይበላል፤ እንቁላል ያጠቁረዋል፤ በላስቲክ ታስሮ ከተቀመጠም ይጠቁራል። በእጅ አጥቦ ወዲያው ማድረቅ ነው። የቢላዋው እጀታ ብዙ ጊዜ ውስጡ ክፍት ሆኖ ስለቱ ስለሚጣበቅበት፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሙቀት መጋጠሚያውን ያላቅቀዋል። ከሁሉ የገረመኝ ግን በየቀኑ የሚሠራበትና የሚታጠበው ብር ተቆልፎ ከሚቀመጠው ይልቅ ሳይጠቁር መቆየቱ ነው።

ልጄ ሻንቲሊን መረጠች። የእጮኛዋ አያት ሹካዎቹን ሊሰጧት ቃል ገብተዋል። እኔ ሙሉውን ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ እልክላታለሁ። ከማንኪያው ጋር የምልከው ምክር አንድ ብቻ ነው፦ ማክሰኞም ይሁን ረቡዕ፣ ሻይሽን አማስዪበት።

ምክር ለሰጪውም ነውና ባለፈው እሑድ የእናቴን ቡፌ ከፈትኩ። የወንድ ልጄ ልጆች በአያቴ ማንኪያ ነው የምንበላው እያሉ ገንፎ በሉ። ትንሹ ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ጣለው። አነሣሁት፣ አጠብኩት፣ መልሼ ሰጠሁት።