ቀዩ ደመና

እሁድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። በማግስቱ ማታ ልጄ ስልኬ ላይ አንድ ካርታ አየች። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ቀይ ደመና ይታይበታል።

«አባዬ፣ ሰማዩ እየተቃጠለ ነው?»

«አይደለም» አልኳት። ቀዩ ጋዙ የበዛበትን ቦታ ለመለየት የተቀባ ቀለም ነው። ጋዙ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው።

«ታዲያ ሳተላይት አፍንጫ አለው?»

የለውም፤ ያለው ዓይን ነው። የፀሐይ ብርሃን ወደ ምድር ወርዶ ሲመለስ፣ ጋዙ ለእኛ ከማይታየን አልትራቫዮሌት ጨረር ከፊሉን ይውጠዋል። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞረው የአውሮፓው ሴንቲኔል 5ፒ ሳተላይት የጎደለውን ይለካል፤ ከጉድለቱም የጋዙ መጠን ይሰላል። ዘዴው ቆየት ያለ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮው ኤል ቺቾን ሲፈነዳ፣ ኦዞንን እንዲለካ ወደ ሕዋ የተላከ የናሳ መሣሪያ ይህንኑ ጋዝ አይቶታል።

ከእሳተ ገሞራ በብዛት የሚወጡት የውሃ ትነትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው። አየሩ ግን ቀድሞም ስለያዛቸው፣ ዱቄት ላይ እንደተነሰነሰ ዱቄት ናቸው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ዱቄት ላይ እንደወደቀ በርበሬ ነው፤ ወዲያው ይለያል።

የሃይሊ ጉቢ ደመና 14 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የመንንና ኦማንን አልፎ ህንድ ሲደርስ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። ደመናውን ከላይ የሚከታተል ዓይን ባይኖር፣ አብራሪዎች መንገዱን በምን ያውቁ ነበር?

ልጄ ግን ዝም ብላ ቆይታ፣ «እዚያው ያሉት ሰዎችስ?» አለችኝ።

መልሱ ከበደኝ። ሳተላይቱ የሚነግረን ከመሬት እስከ ላይ ያለውን ጋዝ በድምሩ ነው። አንዲት የአፍዴራ እናት በደጇ ምን ያህሉን እንደምትተነፍስ አይነግራትም፤ ለዚያ መሬት ላይ የሚተከል መለኪያ ያስፈልጋል። አመድ የለበሰውን ግጦሽም አብልጦ የሚያውቀው ፍየሎቹን ይዞ የሚንከራተተው እረኛ ነው።

ለልጄ የነገርኳት ይህንን ነው፦ ካርታው ጥሩ ነው፤ ግን ሥራው እዚያ አያልቅም። ለአብራሪው የሚላከውን ያህል ፈጥኖ፣ ለዚያች እናትም በቋንቋዋ «የውሃ ዕቃሽን ክደኚ፣ ልጆቹን ቤት አስገቢ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ» የሚል ድምፅ ሊደርሳት ይገባል።