የሩቁ ባሕርና የእኛ ክረምት

ከአሶሳ እስከ ባሕር መንገዱ ሩቅ ነው። አብዛኞቻችን ባሕር አይተን አናውቅም። «ታዲያ ስለ ባሕር ማንበብ ምን ያደርግልናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ማሽላችንን የሚያበቅለው ዝናብ ከባሕር ጋር ጉዳይ አለው። ዛሬ ይህንኑ እናያለን።

ፔሩ የምትባል አገር አለች። የምትገኘው በደቡብ አሜሪካ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ነው። ውቅያኖስ ማለት እጅግ ሰፊ ባሕር ነው። በዚያ ዳርቻ ቀዝቃዛ ውኃ ከጥልቁ ወደ ላይ ይወጣል። ሲወጣም ለማሳ እንደሚበተን ፍግ ያለ ምግብ ይዞ ይመጣል። በዚያ ምግብ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ዕፀዋት ይበቅላሉ። ዕፀዋቱን ትናንሽ ዓሦች ይበላሉ። ዓሦቹን ደግሞ ወፎችና ሰዎች ይበላሉ።

በአንዳንድ ዓመት ግን የባሕሩ ፊት ይሞቃል። ከጥልቁ የሚመጣው ምግብ ያንሳል። ከዳቡስና ከአባይ ዓሣ የሚያወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ምግብ በሌለበት ውኃ ዓሣ የለም። ሙቀቱ በገና ሰሞን ስለሚበረታ የፔሩ ዓሣ አጥማጆች «ኤል ኒኞ» ብለው ጠሩት። ትርጉሙ «ሕፃኑ» ነው፤ ሕፃኑ ኢየሱስ ማለታቸው ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ፔሩዎች 12 ሚሊዮን ቶን ያህል ትናንሽ ዓሣ አወጡ። በ1973 ግን ወደ 2 ሚሊዮን ቶን ግድም ወረደ። አንዱ ምክንያት ኤል ኒኞ ነው። ሌላው ከመጠን በላይ ማጥመዳቸው ነው።

እኛንስ ምን አገናኘን? ያ ባሕር ሲሞቅ የነፋስ አካሄድ ይለወጣል። ለክረምታችን እርጥበት የሚያመጣው ነፋስም ይደክማል። ፔሩ ዓሣ ባጣችበት ሰሞን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ በወሎ ክረምቱ ከዳ። በ2007 ዓ.ም. ክረምትም ኤል ኒኞ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገን የምግብ ርዳታ አስፈለገው።

ድርቅ ሁሉ ከኤል ኒኞ አይመጣም። ድርቅም ሁሉ ረሃብ አይሆንም፤ እህል በጊዜ ከደረሰ ሰው ይተርፋል። በአሶሳ ዙሪያ በ1977 ዓ.ም. ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ብዙ ቤተሰብ አለ። የክረምት መክዳት ምን እንደሆነ ለእነርሱ መንገር አያሻም።

የባሕር ተመራማሪዎች ሌላም ነገር ይነግሩናል። ከሰል፣ ነዳጅና ደን ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ምድርን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ያሞቃታል። ከተጨመረው ሙቀት ከ100 እጅ 90 ያህሉን የዋጠው ባሕር ነው። አሁን ኤል ኒኞ የሚመጣው ቀድሞ በሞቀ ባሕር ላይ ነው።

እኛ ባሕሩን ማቀዝቀዝ አንችልም። አስቀድመን መስማት ግን እንችላለን። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የባሕሩን ሙቀት እያየ ክረምት ሳይገባ ትንበያ ያወጣል። ትንበያ ሊስት ይችላል፤ ቢሆንም ሳይሰሙ ከመዝራት ይሻላል። ዝናቡ ያንሳል ከተባለ፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር እንዳለ የግብርና ሠራተኛውን እንጠይቅ። የጎተራውንም እህል ጠራርገን አንሽጥ።

ለመወያያ፦ በቀበሌያችሁ ክረምቱ የከዳው መቼ መቼ ነበር? ታላላቆችን ጠይቁ። ዓመተ ምሕረቱን በደብተራችሁ ጻፉ። ዘንድሮም የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበትን ቀን መዝግቡ፤ ለልጆቻችሁ ይጠቅማል።