ዜሮው ክፍል ነው እንጂ ልጁ አይደለም

ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ከአሰላ አጠገብ ካለው መንደሩ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር፣ ለመመለስም ሌላ 10 ይሮጥ እንደነበር የማያውቅ የለም። ስንኮራበት ኖረናል። ለመሆኑ የሚያኮራው የሯጩ ጉልበት ነው ወይስ የትምህርት ቤቱ ርቀት? ያውም እሱ ለሩጫ የደረሰ ልጅ ነበር። የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃን ከጭላሎ ግርጌ፣ በክረምት ጭቃ፣ በጥቅምት ውርጭ፣ የት ድረስ ይሩጥ?

ነገሩ ከሥሩ የተበላሸ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ መደበኛ ትምህርትን በወረቀት አወቀው እንጂ ኪሱን አልፈታለትም፤ ሥራው ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች ተተወ። ባለሀብት ደግሞ የሚከፍል ወላጅ ወዳለበት ይሄዳል፤ አይፈረድበትም። እናም መዋዕለ ሕፃናት የከተማ ቃል ሆኖ ቀረ። የአሰላ ነጋዴ ልጅ በአራት ዓመቱ ቦርሳ ሲያነግት የገጠሩ ልጅ ጥጃ ይጠብቃል። ሰባት ሲሞላቸው ግን አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ፈተና ይቀርብላቸዋል። ይሄ ነው እኩልነት?

ውጤቱ በ2002 ዓ.ም. ታየ። በንባብ ምዘናው ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አቃታቸው። በአገራቸው ቋንቋ እኮ ነው! የአርሲ ገበሬ ይህን ይረዳል፤ የዘር ወቅት ካለፈ ማዳበሪያ ብታፈስም ስንዴው አይካስም።

በዚያው ዓመት የቅድመ ልጅነት ፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ፤ ተከትሎም በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ዜሮ ክፍል» ተከፈተ። በጎ ጅምር ነው፤ አሌ አይባልም። በ2003 ከመቶ አምስት ገደማ የነበረው ተሳትፎ በ2007 ወደ አርባ ተጠጋ። ግን የቆጠርነው ማንን ነው? ለትልልቆች በተሠራ አግዳሚ ላይ እግሩ መሬት ሳይነካ የሚውለውን ሕፃን ጭምር ነው። በብዙ ገጠር ዜሮ ክፍል ማለት የተረፈ ክፍል፣ ለሕፃናት ያልሠለጠነ መምህር፣ መጫወቻ የሌለው ግቢ ነው።

«የጥንቱ ልጅ ያለ መዋዕለ ሕፃናት አልተማረም ወይ?» የሚሉ አሉ። ተምሯል፤ የቄስ ትምህርት ቤትና ቁርአን ቤት ነበረዋ! ድሮም ሕፃን ፊደል የሚቆጥረው በደጁ ነበር።

የ2015ቱ ፖሊሲ ለቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት መድቧል። ኦሮሚያም «ቡኡራ ቦሩ» የተባሉ የሕፃናት ትምህርት ቤቶችን በሕዝብ መዋጮ ጭምር ሲገነባ ቆይቷል። መልካም። ገበሬው እንጨቱንም ጉልበቱንም አይነፍግም፤ መምህር ግን ከጫካ ተቆርጦ አይመጣም። ማሠልጠንና ደመወዝ መክፈል የመንግሥት ዕዳ ነው።

ስለዚህ ጎበዝ፣ ባለሥልጣን ሪባን ሲቆርጥ ከማጨብጨባችን በፊት እንጠይቅ፦ መምህሩ ማነው? ለሕፃን ሠልጥኗል? ደመወዙ ለከርሞ ያቆየዋል? ለእነዚህ መልስ ከሌለ የተመረቀው ግድግዳ ነው። ግድግዳ ደግሞ አያስተምርም።